ወደ ግራ ያዘመመው

ቀለበቱን እኔ ነኝ የበየድኩት፤
ከናፍጣ በርሜል አፉን ቆርጬ፣ በመዶሻ ያጠበብኩት።
በኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ጓሮ፣ ሁለተኛው በር ታልፎ፣
ባሕር ዛፍ ላይ ዋለ፣ የሣጥን ጣውላ ታቅፎ።
በሳምንቱ አንድ ኤንትሬ፣ ጥጥ እንደጫነ ሲያፈገፍግ፣
ግንዱን በኋላው ገጭቶ፣ አዘመመው ወደ ግራ ጥግ።
«ነገ አቀናዋለሁ» አልኩ። የእኔ ነገ ይረዝማል፤
የሰው በር አለ፣ የሰው ጋሪ፤ ያለ ክፍያ ማን ይበይዳል?

ያኔ ይመር ልጅ ነው፤ እናቱ ፈትል ክፍል፣ የሌሊት ፈረቃ፤
ጡሩንባው እስኪነፋ ይወረውራል፣ ሰፈሩ ተኝቶ እሱ የነቃ።
የቁመቱ ነገር! እኔ ስቆም ክርኑ ጋ ነኝ፤
ጎረቤት ቆጥ ላይ የሰቀለውን፣ ያለ መሰላል የሚያገኝ።
ኳሷን ሲለቃት አንጓው፣ ወደ ግራ እጥፍ ይላል፤
አየር ላይ ትዞራለች፤ ጠማማው አፍ ይውጣታል።
ስንት ክረምት! ስንት ሺህ ጊዜ!
ጥፋቴን በእጁ ለመደው፣ እንደ አመል፣ እንደ ትካዜ።

አዲስ አበባ ወሰዱት፤ ደሞዝ ያለው ክለብ፣ ፊርማ ያለው ወረቀት፤
እናቱ ፈረቃ ለወጠች፣ መናኸሪያ ልትሸኘው በንጋት።
ከወር በኋላ ደወለ። «ጋሽ እብሬ፣ ስስት ከረምኩ፤
እዚህ ቀለበቱ ቀጥ ያለ ነው! እኔ ነኝ ለካ የጠመምኩ።»
ሳቅሁ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤
ነገ እያልኩ የተውኩት ብረት፣ ከአዲስ አበባ ድረስ ጠራኝ።

ኋላ ግን ቀናው። አሥራ አንድ ዓመት ለበሰው ያንን ቁጥር፤
ሬዲዮው ነጥቡን ሲናገር፣ እኔ ብረት ላይ በጠመኔ ስቆጥር።
ሁለት ዋንጫ ሳመ። ሦስተኛውን በአንድ ነጥብ አጣ፤
የዚያን ሌሊት አልደወለም። ወሬ አይወድም ሲቆጣ።

ከዚያ ጉልበቱ።
የተለየ ቀን አልነበረም፤ ዘሎ ወረደ፣ ያው ነው፤
«ድምፁ» አለኝ «ክር ሲበጠስ ነው፤ እማዬ ማሽን ላይ የምሰማው።»
ሐኪም በፎቶ አየው፤ ክለቡ በደብዳቤ አመሰገነ፤
ምስጋና የሚሉት ነገር፣ ከስንብት ጋር አንድ ሆነ።
በሐርቡ በኩል ሲመለስ፣ የአውቶቡሱ ወንበር ጠቦት፣
እግሩን መተላለፊያው ላይ ዘርግቶ፣ ዶሮ የያዘች ሴት «አብሽር» ብላ ተራምዳበት።

አሁን አሠልጣኝ ነው። ፊሽካ አንገቱ ላይ፣ በእጁ ሰሌዳ፣ ጠመኔ፤
የከበደው ምኑ መሰላችሁ? «አንተ» ማለት፣ ለለመደ «እኔ»።
ኳስ በአጠገቡ ስታልፍ፣ እጁ ብቻውን ይነሣል፤
ኪሱ ውስጥ ይከተዋል። ኪሱም ውስጥ አንጓው ይታጠፋል።

ሩቂያ የምትባል ልጅ አለች፤ አጭር፣ ምላሷ እንደ ምላጭ፤
«አሠልጣኝ፣ ይህ ቀለበት» አለችው «የቀናውን ገፊ፣ የጠመመውን መራጭ!»
ዝም አለ።
ሲመሽ ወደ እኔ መጣ። በሬን አጎንብሶ ገባ፤
«ጋሽ እብሬ፣ ያ ነገ ደረሰ» አለኝ፤ አልሳቀም፣ ዐይኑም አላነባ።
«እኔን ሠርቶኛል። እነሱን ግን ያሳስታል፤
የአንድ ወር ስህተቴን ዕዳ፣ ሩቂያ ለምን ትከፍላል?»

መሰላል ላይ ወጣሁ እኔ። እሱ ከመሬት ሆኖ ያዘልኝ፤
እጁን በእርጥብ ጨርቅ ጠምጥሞ፣ ብልጭታው ሲረግፍ እንኳ አልለቀቀልኝ።
ሃያ ዓመት ያረጀ ነገ፣ በሩብ ሰዓት አለቀ፤
ቀለበቱ አቃሰተ፣ አፉም ከምድር ጋር ታረቀ።

«ሞክር! ሞክር!» አሉት ልጆቹ።
እግሩን እየጎተተ፣ የድሮው ቦታው ላይ ቆሞ ወረወረ፤
የከተማ ትምህርቱን እጁ እዚህ ረስቶት ኖሮ፣ አንጓው እንደ ጥንቱ ዞረ፤
ኳሷ ብረቱን ገጭታ ወጣች፤ ሜዳው በሳቅ ተሸበረ።
እሱም ሳቀ። ትንሽ ዘግይቶ።
ከዚያ ፊሽካውን ነፋ፤ «ሩቂያ! ያንቺ ተራ።»
እጁ ኪሱ ገባ።
መረቡ እፎይ አለ። እኔም ዕቃዬን ሰበሰብኩ፤
የሰው በር አለብኝ፣ ሥራ።